ስለ አንድ ጥንታዊ የሰሜን ባሕር ካርታና ስለ ኢትዮጵያውያን መንገድ ነጋሪዎች

ከአራዳ ወደ መርካቶ የሚሄድ እንግዳ ሰው በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆሞ መንገድ ቢጠይቅ ካርታ ዘርግቶ የሚያሳየው አያገኝም። «ድልድዩን ተሻገርና ዳገቱን ውጣ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ሰው ጠይቅ» ይባላል እንጂ። የመጀመሪያው ሰው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው እያቀበለው ካሰበበት ይደርሳል። የከተማው መልክ በወረቀት ላይ ሳይሆን በነዋሪው ራስ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል ማለት ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት፣ በ1919 ዓ.ም. ያረፉት ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ታሪካቸውን በማያውቅ ሰው አፍ እንኳ ሳይቀር ስማቸው ዕለት ዕለት የሚነሣው፣ መንገድ ነጋሪው ሁሉ ድልድዩን በስማቸው ስለሚጠራው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የድልድዩን ታሪክ መተረክ አይደለም። ዓላማው በ1539 በቬኒስ ከተማ ስለታተመ አንድ የሰሜን ባሕር ካርታ መናገርና፣ ያ ካርታ ከተሠራበት ዘመንና ከሠሪዎቹ ወዳጆች ጋር ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደ ተገናኙ ማሳየት ነው። በረዶ ስለሚጋገርበት ባሕርና ስለ ደጋው አገራችን በአንድ ላይ መናገር ለአንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን ሁለቱ አገሮች በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የታወቁት በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ይኸውም አገሩን በእግሩ ወይም በጀልባው የሚያውቀውን ሰው በመጠየቅ ነው። መንገድ ነጋሪው በተጠየቀበት ጊዜ ካርታው ቀንቷል፤ ባልተጠየቀበት ጊዜ ደግሞ ተጣሟል። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን የነጋሪው ስም ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናት «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የካርታው መልክና የሠሪው ታሪክ

ካርታው በላቲን ቋንቋ «ካርታ ማሪና» ይባላል፤ የባሕር ካርታ ማለት ነው። በእንጨት ላይ ተቀርጾ በዘጠኝ ታላላቅ ቅጠል ወረቀት የታተመ ሲሆን፣ ቅጠሎቹ ሲጋጠሙ ወርዱ 1 ሜትር ከ70፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ25 ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ቅጠል በላቲን ፊደል ተለይቶ ምልክት ስለተደረገበት፣ አንባቢ ከካርታው ጋር በወጣው ማብራሪያ ላይ ያንኑ ፊደል እየፈለገ የሥዕሉን ትርጉም ያገኛል። በካርታው ላይ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ፊንላንድ፣ ዴንማርክና አይስላንድ፣ እንዲሁም በመካከላቸው ያለው ባሕር ይታያሉ። ባሕሩ ባዶ አይደለም። መርከቦች ይጓዙበታል፤ ዓሣ ነባሪዎች ውሃ ይተፉበታል፤ መርከብ የሚጠመጥም እባብም ተሥሎበታል። በየብሱ በኩል አጋዘን የሚያልቡ ሰዎች፣ በእግራቸው ረዥም እንጨት አስረው በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ አዳኞች፣ በበረዶ በተጋገረ ባሕር ላይ የሚሄድ ፈረሰኛ ጦር ይታያል።

ሠሪው ኦላውስ ማግኑስ የተባለ የስዊድን ካህን ነው። በ1490 ተወልዶ በ1518 እና በ1519 ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወደ ስዊድን ሰሜናዊ ክፍል ስለተጓዘ፣ ሌሎች ሊቃውንት በወሬ ብቻ የሚያውቁትን አገር በዓይኑ አይቷል። ወንድሙ ዮሐንስ ማግኑስ የኡፕሳላ ሊቀ ጳጳስ ነበር። የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ የሉተርን ሃይማኖት በያዘ ጊዜ ሁለቱ ወንድማማች አገራቸውን ትተው በባልቲክ ባሕር ጠረፍ በምትገኘው በዳንዚግ ከተማ በስደት ተቀመጡ። ይህች ከተማ ዛሬ ግዳንስክ ተብላ በፖላንድ ትገኛለች። ኦላውስ ካርታውን በ1527 ገደማ ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ደክሞበታል። ከዚያ በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ በቬኒሱ ፓትርያርክ በጂሮላሞ ኩዊሪኒ ርዳታ አሳተመው። እንግዲህ ይህ ካርታ መርከብ መምሪያ ብቻ አልነበረም። አገሩን የተነጠቀ ስደተኛ «ያጣችሁት አገር ይህን ያህል ሰፊ ነው» ብሎ ለሮም ሰዎች ያቀረበው አቤቱታም ነበር።

የካርታው ዕጣ እንደ ሠሪው ዕጣ የስደት ነበር። ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ጠፍቶ ኖሮ በ1886 አንድ ቅጂ በጀርመን አገር በሙኒክ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። ሁለተኛው ቅጂ በስዊዘርላንድ ተገኝቶ በ1962 የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገዛው። ከመጀመሪያው ኅትመት የሚታወቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ዓሣ አጥማጆቹ የነገሩት

በዚህ ካርታ ላይ ያሉትን አውሬዎች ተመልክቶ ነገሩን ሁሉ ተረት ነው ብሎ መተው ቀላል ነው። ብዙዎችም እንዲሁ አድርገዋል። በእውነቱም ኦላውስ ከመርከበኞችና ከዓሣ አጥማጆች አፍ የሰማውን ያለ ብዙ ማመንታት ሥሎታል። ነገር ግን ከአይስላንድ በስተ ምሥራቅ ባለው ባሕር ላይ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ሆነው የሚታዩ ታላላቅ የውሃ ሽክርክሪቶች ተሥለዋል። ለረዥም ጊዜ እነዚህ ሽክርክሪቶች የሠዓሊ ጌጥ ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2003 ግን ሮስቢና ሚለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሥዕሉን ከሳተላይት ከተነሣ የባሕር ሙቀት ፎቶግራፍ ጋር አስተያዩት። ሽክርክሪቶቹ የተሣሉበት ስፍራ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት ውሃ ከሰሜኑ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር የሚጋጠምበት፣ በእውነትም ታላላቅ ሽክርክሪቶች የሚፈጠሩበት ቦታ ሆኖ ተገኘ። እነርሱም ይህን ሊያስተውል የሚችለው በዚያ ባሕር ላይ የሚመላለስ መርከበኛ ነው ብለው ደመደሙ።

እንግዲህ እባቡን የነገረው መርከበኛና ሽክርክሪቱን የነገረው መርከበኛ ምናልባት አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚህ የምንማረው የነጋሪውን ቃል ሁሉ ማመን እንደማይገባ፣ ነገር ግን ከቃሉ ውስጥ አንዱ ተረት ስለሆነ ሌላውን መጣልም እንደማይገባ ነው። የአባቶቻችንን ትውፊት የምናጠና ሁሉ ይህን ነገር ልብ ልንለው ይገባናል። የነዚያ መርከበኞች ስም ግን በካርታው ላይ የለም።

የእቴጌ እሌኒ ደብዳቤ በዳንዚግ

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን ሰዎች እንመለስ። እቴጌ እሌኒ በዐፄ ልብነ ድንግል የሕፃንነት ዘመን ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩ። ማቴዎስም በህንድ በኩል ዞሮ፣ በመንገድም አስመሳይ ነህ እየተባለ ብዙ መከራ ተቀብሎ በ1514 ሊስቦን ደረሰ። በዚያን ጊዜ በንጉሡ ቤት ብላቴና ሆነው ከሚያገለግሉት መካከል ዳሚያኦ ዴ ጎይስ የተባለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ይህ ልጅ የሩቁን አገር መልእክተኛ ማየቱን ዕድሜውን ሁሉ አልረሳውም።

ዳሚያኦ ካደገ በኋላ በአንትወርፕ ከተማ የፖርቱጋል መንግሥት የንግድ ቤት ጸሐፊ ሆነ። በ1529 ለሥራ ጉዳይ ወደ ባልቲክ አገሮች ሲሄድ በዳንዚግ ከተማ ከነዚያ ከስደተኞቹ ከማግኑስ ወንድማማች ጋር ተዋወቀ። ኦላውስ የሰሜኑን ባሕር ካርታ የሚሠራበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል። ሊቀ ጳጳሱ ዮሐንስ ስለ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሃይማኖት አጥብቆ ጠየቀው። ዳሚያኦም የእቴጌ እሌኒን ደብዳቤና በማቴዎስ መልእክተኛነት የተገኘውን ወሬ ወደ ላቲን መልሶ ሰጠው። ይህም ጽሑፍ በ1532 በአንትወርፕ ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት በ1533 የታወቀው የቶማስ ሞር ልጅ ጆን ሞር ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በለንደን አሳተመው።

ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ግን ከዚሁ ጽሑፍ ጋር አብሮ የታተመው ነገር ነው። ዳሚያኦ ከኢትዮጵያ ወሬ ጋር በሰሜን ስዊድን ስለሚኖሩት፣ በዚያን ጊዜ ላፕ ስለሚባሉት፣ እነርሱ ግን ራሳቸውን ሳሚ ብለው ስለሚጠሩት ሕዝብ አቤቱታ ጽፎ አስገባ። መኳንንቱ ከእነዚህ ሰዎች የሚያገኙት ጥቅም እንዳይቀርባቸው ሲሉ ወንጌል እንዳይሰበክላቸው ይከለክላሉ ብሎ ከሰሰ። ይህንም ነገር ያገኘው ከማግኑስ ወንድማማች መሆኑ የታወቀ ነው። በኦላውስ ካርታ ላይ በበረዶ ሲንሸራተቱ የምናያቸው ሰዎችና የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ በአንድ መጽሐፍ ጥራዝ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለአውሮፓ ሰው ከዓለም ጫፍ የሆኑት ሁለቱ ሕዝቦች፣ አንዱ ከሰሜን አንዱ ከደቡብ፣ በአንድ ሰው ጽሑፍ ምክንያት ጎረቤታሞች ሆኑ።

ጸጋ ዘአብና ሁለቱ ካርታዎች

ማቴዎስ ወደ አገሩ ሲመለስ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ምጽዋ ደረሰና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። መልእክተኞቹ እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆዩ። ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው መጽሐፍ ስለ ካርታ የሚናገር አንድ የሚያስገርም ታሪክ አለ። ዐፄ ልብነ ድንግል በስጦታ የመጣላቸውን የዓለም ካርታ አስቀርበው በላዩ የተጻፈው የምን አገር ስም እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም ወደ ፖርቱጋል ሊሄድ የታዘዘው ካህን፣ አልቫሬዝ የየአገሩን ስም እየነገረው፣ ከላቲኑ ጽሕፈት በታች በእኛ ፊደል ጻፈበት። አልቫሬዝ ፖርቱጋል በካርታው ላይ እጅግ ጠባብ ሆና ስለ ታየችው አፍሮ፣ ለፖርቱጋል ሊስቦንን፣ ለስፔን ሴቪልን ለየብቻ እያደረገ ስሙን አበዛ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተታለሉም። የፖርቱጋልና የስፔን አገር ጥቂት ስለሆነ ቀይ ባሕርን ከቱርክ ብቻቸውን ለመጠበቅ አይችሉም፤ ስለዚህ የፖርቱጋል ንጉሥ በምጽዋ፣ የስፔን ንጉሥ በዘይላ፣ የፈረንሳይ ንጉሥ በሱዋኪን ምሽግ ያሠሩ የሚል አሳብ አቀረቡ። ከዚህ የምንረዳው ካርታ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት እንደ ጌጥ ብቻ ሳይሆን እንደ መንግሥት ምክር መሣሪያ ሊነበብ መቻሉን ነው።

በካርታው ላይ በፊደላችን የጻፈው ካህን ሊቀ ካህናት ጸጋ ዘአብ ነው። በ1527 ሊስቦን ገባ። በዚያ ግን እንደ ንጉሥ መልእክተኛ አልተያዘም። የፖርቱጋል የሃይማኖት ሊቃውንት ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ ምግብ ሥርዓት እየመረመሩ አስጨነቁት፤ ቅዱስ ቁርባንም ለብዙ ዓመት ከለከሉት። በ1533 ከባልቲክ አገር የተመለሰው ዳሚያኦ ዴ ጎይስ አገኘው፤ ሁለቱም ወዳጆች ሆኑ። ጸጋ ዘአብ በዳሚያኦ ለማኝነት የአገሩን ሃይማኖትና ልማድ በ1534 ጻፈ። በጽሑፉም ክርስቲያን ክርስቲያንን በልማድ ልዩነት ምክንያት ከወንድማማችነት ማራቁ የማይገባ መሆኑን ተከራከረ። ዳሚያኦ ይህን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቫን ከተማ አሳተመው፤ የሰሜኑንም ሕዝብ አቤቱታ ዳግመኛ አብሮ አወጣው። ይህ የሆነው ካርታ ማሪና በቬኒስ በታተመ በዓመቱ ነው።

መጽሐፉ በ1541 በፖርቱጋል የሃይማኖት መርማሪዎች አለቃ በካርዲናል ኤንሪኬ ትእዛዝ በአገሩ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ዳሚያኦም ራሱ በሽምግልናው በ1571 በመርማሪዎች እጅ ታስሮ ተፈርዶበታል፤ በ1574ም ሞተ። ጸጋ ዘአብ ስሙ ከጽሑፉ ጋር የቀረለት ምስክር ነው። ይህም በዚያ ዘመን እጅግ ጥቂት ሰዎች ያገኙት ዕድል ነው።

ስማቸው ያልተጻፈው ካህናት

ከጸጋ ዘአብ በፊት 80 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በዚያችው በቬኒስ ሌላ ታላቅ ካርታ ተሠርቶ ነበር። ሠሪው በሳን ሚኬሌ ደሴት ገዳም የሚኖር ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ ነው። ካርታው በ1450 ገደማ የተሠራ፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ክብ የዓለም ሥዕል ሲሆን ደቡብን ወደ ላይ ሰሜንን ወደ ታች አድርጎ ያሳያል። ዛሬ በቬኒስ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በካርታው በታችኛው ክፍል፣ በኖርዌይ ጠረፍ፣ ስለ አንድ የመርከብ ስብራት የሚናገር ጽሕፈት አለ። በ1431 ፒዬትሮ ኩዊሪኒ የተባለ የቬኒስ መኰንን ወይን ጭኖ ከቀርጤስ ወደ ፍላንደርስ ሲጓዝ ማዕበል መታው፤ ከ68 ሰዎች 11ዱ ብቻ ተርፈው በ1432 መጀመሪያ በሎፎተን ደሴቶች ጫፍ ሮስት በምትባል ደሴት ላይ ወደቁ። የደሴቲቱ ዓሣ አጥማጆች በየቤታቸው አስገብተው እስከ ፀደይ ድረስ መገቧቸው። ኩዊሪኒ ተመልሶ ያየውን ስለጻፈ፣ ቬኒስ ስለዚያ ሩቅ ባሕር ከዚህ ቀደም ያልነበራትን ወሬ አገኘች። መቶ ዓመት ቆይቶ ኦላውስ በዚያው በሎፎተን አቅራቢያ ያለውን አስፈሪ የባሕር አዙሪት በካርታው ላይ ሣለው።

በዚሁ በፍራ ማውሮ ካርታ በላይኛው ክፍል ደግሞ ኢትዮጵያ አለች። የዓባይ፣ የተከዜና የአዋሽ ስሞች ጥቂት ተበላሽተው ቢጻፉም ሊታወቁ ይችላሉ። ፍራ ማውሮ ይህን ሁሉ ከወዴት እንዳገኘው በካርታው ላይ ገልጾ ጽፏል። የጥንት ሊቃውንት ያላወቁትን አገር ይህን ያህል በዝርዝር ማቅረቤ የሚያስደንቀው ሰው ቢኖር፣ ይህን የተቀበልኩት በዚያው አገር ከተወለዱት ካህናት ነው፤ እነርሱም አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ሥለው ሰጥተውኛል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በ1441 በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን የተላኩ መነኮሳት ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ መጥተው ነበር። ስለዚህ የአገራችን ሰዎች ለኢጣሊያ ከተሞች እንግዳ አልነበሩም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። የኢትዮጵያን መልክ በወረቀት ላይ የሣሉት የራሳችን ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ካርታ ላይ የኩዊሪኒ ስም ተጽፎ ሳለ የካህናቱ ስም አልተጻፈም። የሮስት ዓሣ አጥማጆችም ስም አልተጻፈም። መኰንኑ በስሙ ሲጠራ መንገድ ነጋሪው «ካህናት» ወይም «የአገሩ ሰዎች» ተብሎ ብቻ አለፈ።

ነጋሪው በማይጠየቅበት ጊዜ

በ1573 አብርሃም ኦርቴሊየስ የተባለው የአንትወርፕ ካርታ ሠሪ የኢትዮጵያን መንግሥት የሚያሳይ ካርታ አወጣ። ኅትመቱ ያማረ፣ በአውሮፓም እጅግ የተሰራጨ ነው። ሆኖም በእርሱ ካርታ የኢትዮጵያ አውራጃዎች ከምድር ወገብ በታች አልፈው ወደ አፍሪካ ደቡብ ተዘርግተዋል። የአውራጃዎቹ ስም እውነተኛ ነው፤ ስፍራቸው ግን የትየለሌ ርቋል።

ይህ ስሕተት ከምን የመጣ ይሆን? አንዱ ምክንያት ካርታ ሠሪው የጥንቱን የበጥሊሞስን ትምህርት ከአዲሱ ወሬ ጋር ለማስማማት መሞከሩ ነው። ሁለተኛውም ምክንያት እንደሚመስለኝ የርቀት አለካክ ነው። በ1519 እና በ1524 መካከል አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት የጻፈው የመንገድ ዝርዝር ዛሬም አለ፤ ክሮፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1958 አሳትሞታል። በዚያ ዝርዝር ርቀት የሚነገረው በቀን መንገድ ነው። የቀን መንገድ ደግሞ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የዓባይን ወይም የጀማን ሸለቆ ወርዶ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከአንዱ አፋፍ ቆሞ ማዶ ያለውን ቤተ ክርስቲያን እያየ ሰው ቀኑን ሙሉ ሊሄድ ይችላል። ሜዳ ላይ ያደገ ካርታ ሠሪ ይህን የቀን መንገድ ወደ ቀጥተኛ መስመር ቢለውጠው አገሩ ይለጠጣል። መነኩሴው አልዋሸም፤ ካርታ ሠሪውም አልዋሸም። በመካከላቸው የጎደለው «አንድ ቀን ስትል ዳገት ነው ወይስ ሜዳ?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው በመጨረሻ ተገኘ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም ከተማ በኢትዮጵያውያን ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት ባደረገው ጥሪ ወደ ጀርመን ሄደው ለሉዶልፍ ስለ አገሩ ቋንቋ፣ ሕዝብና መልክዐ ምድር አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 ታላቁን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉን፣ በ1683 ደግሞ ካርታውን አወጣ። ለካርታው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ በአገሩ ኖሮ በመሣሪያ የለካውን መሠረት አደረገ፤ የአባ ጎርጎርዮስንም ቃል ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደ እውነተኛ ስፍራዋ ተመለሰች። ሉዶልፍ ከሁሉም በላይ የሚመሰገንበት ነገር የመምህሩን ስም ደጋግሞ መጻፉና በ1691 ባወጣው መጽሐፍ ሥዕላቸውን ማተሙ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ካርታውን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ጠልቀው ሞቱ።

ወደ ድልድዩ መመለስ

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነሥተን ሮስት ደሴት ደርሰናል፤ አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ይህን የሚያስደርግ ምክንያትም አለ። ፍራ ማውሮ ከስማቸው ያልታወቁ ካህናት ተቀብሎ በካርታው ላይ ካሰፈራቸው ስሞች አንዱ የንጉሡ መቀመጫ የነበረችው የባራራ ከተማ ናት። ስሟ በዞርዚም የመንገድ ዝርዝር ውስጥ ይነሣል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ሃርትቪግ ብሬተርኒትስ በ2009 ባወጡት ጥናት በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ያሉትን ጥንታዊ የሰፈራ ፍርስራሾች መርምረው ከተማይቱን በዚሁ አካባቢ ፈልገዋታል። ስለ ትክክለኛው ስፍራ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ይህን የማነሣው ቦታው የማን ነው ለሚለው ሙግት ነዳጅ ለመጨመር አይደለም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ምድር ፊንፊኔ የሚል ስም ነበረው፤ ከዚያም በፊት ሌሎች ስሞች ነበሩት። ስም በስም ላይ ይነባበራል። የሚያስደንቀኝ በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት የወደመች ከተማ ስሟ በአገሩ ላይ ጠፍቶ ሳለ፣ አንድ መንገደኛ ካህን በቬኒስ ገዳም ውስጥ በገዛ እጁ ስለጻፋት ብቻ እስከ ዛሬ መኖሯ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛውረዋል። ሥራው ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያሉ መንገድ ይነግሩ የነበሩት ሰዎች ተበታትነዋል። ቤት ሲፈርስ ስሙን ተሸክሞ የሚሄደው ነዋሪው ነው፤ ነዋሪው ሲያልፍ ስሙም ያልፋል። መንገዱ በአዲስ ካርታ ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ስለምን እንዲያ ይባል እንደ ነበር ግን አይናገርም።

ስለዚህ በዚህ ጥናት ለተነሡት ካርታዎች ምስጋናችንን ልንገልጥ የምንችለው እነርሱ የጎደላቸውን በመሙላት ይመስለኛል። እያንዳንዳችን በዕረፍት ጊዜያችን አንዳንድ ሰፈር ብንይዝ፣ በዕድሜ የገፉትን ነዋሪዎች እየጠየቅን የወንዙን፣ የድልድዩን፣ የዳገቱን፣ የምንጩንና የሜዳውን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም በጉራግኛም እንደ ሰማነው ብንጽፍ ብዙ ነገር ይተርፋል። ስንጽፍም ሦስት ነገር እንጠብቅ። አንደኛ፣ ተረት የሚመስለንን አንሰርዝ፤ የኦላውስን ሽክርክሪት እናስታውስ። ሁለተኛ፣ «ቅርብ ነው»፣ «አንድ ቀን ያስኬዳል» ሲባል በእግር ነው በበቅሎ፣ ዳገት ነው ሜዳ ብለን እንጠይቅ፤ ኦርቴሊየስ የተሳሳተው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ነጋሪው እስከ ፈቀደ ድረስ ስሙንና የነገረበትን ቀን ከቃሉ በላይ እንጻፍ።

ሥራውን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ መጀመር ይቻላል። በዚያ የሚመላለሰው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ከመካከላቸውም ድልድዩን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አይጠፉም። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ቀርቦ «እንደምን ዋሉ» ማለት ነው።